ለፋኖስ የተሰጠች አንዲት ድምፅ

አያ እንድሪስ መሞቱን የነገረኝ ሰንበቴ ገበያ ላይ ከቆላ የወጣ የአፋር ግመል ነጂ ነው። የሱው መንደር ሰው ሆኜ ሞቱን ከቆላ ሰው ሰማሁ። እንዲህ ነበር አያ እንድሪስ፤ የሩቁ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የቅርቡ ሰው ግን እሱን መስማት ታክቶት ነበር። የምሸጠውን ገመድ ጠቅልዬ ለጎረቤቴ አደራ ሰጠሁና የጭነት መኪና ለምኜ ከሚሴ፣ ልጁ ቤት ደረስኩ።

ቀብሩ አልፏል። ወንዶቹ ደጅ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ሴቶቹ ለመግባት በነሱ በኩል ሳልፍ አንድ የመንደራችን ሽማግሌ፣ «አላህ ይዘንለት፤ ያኔ ለፋኖሱ የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ ያውቅ ነበር» ሲል ሰማሁት።

አጠገቡ ያለው ዞር አለ። «አንተ? ተው እንጂ ሸህ አሊ። እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አንተማ ለበቅሎዋ ነው የሰጠኸው።»

«አይተኸኛል?»

«አንተስ እኔን አይተኸኛል?»

አፈሩ ሳይደርቅ በዚህ ይከራከራሉ። እኔም ደረቴን ልመታ የመጣሁት ሴትዮ፣ ከለቅሶው ይልቅ ንዴቱ ቀደመኝ። በነሱ ብቻ አይደለም። ነገሩ ለማያውቀው ሰው ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም፤ እኔ ደግሞ ወሬ ስጀምር መንገዴ ብዙ ነው፤ ታገሡኝ።

አያ እንድሪስ የከብት ደላላ ነበር። በሰንበቴ ገበያ የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጩና ገዢው እጃቸውን ከጋቢ ሥር ይሰዳሉ፣ ደላላው መሐል ሆኖ የአንዱን ጣት ይዞ ለአንዱ ይጫናል፤ ዋጋው በጣት ይሄዳል፣ በጣት ይመለሳል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ፊታቸውን ከማየት በቀር አንዲት ነገር አያውቅም። ሲስማሙ ጋቢው ይነሳል። ከዚያ ወዲያ እጁን የሰጠ ሰው አይመለስም። አባት እጁን ሰጥቶ ቢሞት ልጅ ከብቱን ይነዳል። ሻጩ የራሱን ገመድ ፈትቶ ይወስዳል፣ ገዢው የራሱን ያስራል፤ ያኔ ከብቱ የገዢው ሆነ ማለት ነው። እኔ ቃጫ ገምጄ የምሸጠው ለዚያ ነው፤ ያለ አዲስ ገመድ ከብት ከገበያ አይወጣም። ስለዚህ መቀመጫዬ ከአያ እንድሪስ መቆሚያ ሁለት እርምጃ ነበር።

የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ኮርማ ሰብሯት ጎባጣ ናት። ለአዲስ ሰው አስቀድሞ ይነግራል፦ «ይቺን ስጫንህ ግማሽ ነው፤ ኋላ አታለለኝ እንዳትል።» ዋጋ ሲሰማ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል። ጠዋት ሲመጣ «አካም ቡልቴ ዘይኔ» ይለኛል፣ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው፤ እኔም በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ሁለታችንም በሁለቱም አፍ አፍ የፈታን ነን። አንድ ሰው መጥቶ «ይቺ ላም አራት ዓመቷ ነው አሉ» ካለው፣ «ጥርሷን አየህ?» ይለዋል። «አላየሁም፣ ነገሩኝ።» «እንግዲያ ዕድሜዋን አትንገረኝ፤ የነገረህን ሰው ንገረኝ።» ስለ ሰውም፣ ስለ ዝናብም፣ ስለ መንግሥትም እንዲሁ ነው። ያየኸው ነው የሰማኸው? ይህን ጥያቄውን ሰው ይወደውም ይጠላውም ነበር፤ በከብት ሲሆን ይወዱታል፣ በሌላ ሲሆን ይሰለቻሉ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ለፓርላማ የሕዝብ እንደራሴ ትመርጣላችሁ ተባለ። ሴትም ትመርጣለች ሲባል ገበያው ሳቀ። ከኛ በኩል የቀረቡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ፊታውራሪው፣ የአካባቢው ባላባት። ሌላው ከሚሴ ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈው ሁሴን። ፊደል ለማያውቀው ሰው ተብሎ ለፊታውራሪው በቅሎ፣ ለሁሴን ፋኖስ ምልክት ተሰጣቸው።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የጨፋ ሜዳ፣ ከቦርከና ዳር ያለው ረግረግ፣ በበጋ አገር ሁሉ ሲደርቅ ሣሩ አይደርቅም። የመንደራችን ከብት ከጥር እስከ ዝናብ የሚተርፈው በሱ ነው። በዚያ ዓመት ሰዎች መጥተው ሜዳውን በሰንሰለት ሲለኩ አየን። ይህ የተሰማ አይደለም፤ ቆመን ያየነው ነው። ፊታውራሪው ለጥጥ እርሻ ሊያከራዩት ነው። ሁሴን «ግጦሹ የሕዝብ ነው» የሚል አቤቱታ ጽፎ ሰዉ ሁሉ የጣቱን አሻራ አድርጎበት ነበር፤ የሚያደርሰው ግን ጠፋ። «እኔን ከላካችሁኝ ራሴ ይዤው እገባለሁ» አለ። ቢገባ ምን ያደርግ ነበር? አላህ ነው የሚያውቀው። ግን ይዞት ይገባ ነበር።

አያ እንድሪስ ሥራውን ትቶ ለፋኖሱ ተነሳ ማለት ይቻላል። ጁምዓ ከሰላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ሰው ሰብስቦ፣

«ጋቢ ታውቃላችሁ?» አለ።

«እናውቃለን።»

«ሳጥኑም ጋቢ ነው። ከመጋረጃው ገብታችሁ እጃችሁ ምን እንደከተተ ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ፊታውራሪውም አያውቁም፣ ጭቃ ሹሙም አያውቅም።»

አንዱ እጁን አነሳ። «አያ እንድሪስ፣ ከጋቢው ሥርማ አንተ አለህ፤ ደላላው ያውቃል። የሳጥኑ ደላላ ማነው?»

«የለውም።»

«ደላላ የሌለው ገበያ ደግሞ ምን ዓይነት ገበያ ነው?»

ግቢው በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። ግን እኔ ውጭ ቆሜ እየሰማሁ፣ ሰውየው የቀለደ አልመሰለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ወሬ መጣ። ሁሴን ከተመረጠ በየከብቱ ራስ ግብር ይመጣል፣ ጥጃም ሳይቀር ይቆጠራል የሚል። በሦስት ቀን ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። አያ እንድሪስ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ዘይኔ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ከአማቴ።»

ተነስቶ ወደ አማቴ ሄደ። እኔም እስቲ ምን ሊሆን ነው ብዬ ተከተልኩት። አማቴ ከቅቤ ነጋዴዋ ነው አለች። ቅቤ ነጋዴዋ ከአንጥረኛው። አንጥረኛው መዶሻውን ሳያስቀምጥ «የፊታውራሪው ጎተራ ጠባቂ ነግሮኝ» አለ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጎተራው ደጅ ደረስን። ጠባቂው ጫት እየቀነጠሰ ነው።

«ይቺን የከብት ግብር ነገር ከማን ሰማህ?»

«ከማንም አልሰማሁ። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እውነት ነው?»

«እኔ አልኩ እንጂ እውነት ነው አላልኩም።»

«ታዲያ ለምን አልክ?»

«በል ተባልኩ፣ አልኩ። ቃም አያ እንድሪስ፣ ቁጭ በል።»

በማግስቱ አያ እንድሪስ ይህንኑ ለሰው ሁሉ ተናገረ። እኔም ምስክሩ ሆንኩ። ሰውም አመነው። ባያምኑት ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር። «ውሸት መሆኑንስ መቼ አጣነው» አሉት። «ታዲያስ?» ሲላቸው፣ «ግን ቢሆንስ?» አሉ። ውሸቱን ከነአባቱ ይዘን አምጥተን ፊታቸው አቆምነው፤ እነሱ ግን ከውሸቱ ጋር መኖሩን መርጠዋል። አያ እንድሪስ ያን ቀን ራሱን ይዞ፣ «ማል ጎና፣ ምን እናድርግ? በሬው አንካሳ መሆኑን አሳየኋቸው፤ እነሱ ‹ቢሮጥስ› ይሉኛል» አለ።

ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፊታውራሪው ራሳቸው በበቅሎ መጥተው ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ሽማግሌዎቹን በየስማቸው እያስጠሩ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ይጨብጡ ጀመር። የሚጫኑት ዋጋ የለም። የሚሉት አንዲት ቃል ነው፦ «እንግዲህ እጅህን ሰጥተኸኛል።»

ደላላ ያስፈልግ ነበርና አያ እንድሪስን አስጠሩት። ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «ምን ከብት ይዘው መጡ በሏቸው» አለ። የሄደው ሰው ይህን ደፍሮ የነገራቸው አይመስለኝም። ሌላ ደላላ ቆመላቸው። ከዚያች ቀን ወዲያ የፊታውራሪው ወገን ሁሉ ከብቱን በዚያኛው ደላላ በኩል ነው የሸጠው።

ባሌ ሰይድም እጁን ሰጠ። እቤት ሲመጣ አያ እንድሪስ ተከትሎት ገባ።

«ምን ተቀበልክ ሰይድ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ሸጥክ?»

«እጄን ሰጠሁ አያ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጄን ልሰብስብ?»

«ይሁን፣ ሰጠህ። ገመድ ሳይለወጥ የሚሆን ሽያጭ አይተህ ታውቃለህ? እስቲ አንገትህን አሳየኝ፤ የማን ገመድ ነው ያለብህ?»

ሰይድ ሳቀ፣ አንገቱን ዳሰሰ። «የኔው ነው።»

«እንግዲያ ሽያጩ ፈርሷል። እኔ ደላላው ነኝ፣ ፈርሷል አልኩ።»

«ገመዱስ አልተለወጠም፤ እጄ ግን ተሰጥቷል» አለ ሰይድ። ልቡ ከፋኖሱ ጋር ነበር፤ ሚስቱ ነኝ፣ አውቃለሁ። ከአያ እንድሪስ ጋር ተከራክሮም አይደለም። እጅ መስጠትን ከአባቱ የወረሰው እንደ ሃይማኖት ነው። ያ ማንም የማያየው ሳጥን ለሱ ምንም አልፈየደለትም፤ ምክንያቱም ሳጥኑ ጋ ሳይደርስ ነው ያለቀው።

አያ እንድሪስ ወጥቶ ሲሄድ በር ላይ ቆመና ወደኔ ዞረ። «አንቺ እጅሽን ለማንም አልሰጠሽም» አለኝ። ልክ ነው። ሴቶቹን ማን ይጠራል ብለው ትተውን ነበር።

የምርጫው ቀን ጭቃ ሹሙ ግቢ ወንዱ በአንድ በኩል ሴቱ በአንድ በኩል ተሰልፈናል። ከፊቴ አማቴ አለች። ሳትዞር፣ «ባልሽ እጁን ሰጥቷል፤ የቤት እጅ አንድ ነው» አለችኝ። ከኋላዬ ያሉት «ለበቅሎዋ ነው አይደል? ለበቅሎዋ ነው» እየተባባሉ ይጠያየቃሉ፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው። ተራዬ ደረሰና ከመጋረጃው ገባሁ። ሁለት ወረቀት በእጄ አለ፣ አንዱ በቅሎ አንዱ ፋኖስ። ማንም አያየኝም። እጄ የራሴ ነው። ግጦሹን አሰብኩ፣ ሁለቱን በሬዎቻችንን አሰብኩ። በኋላ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ያሉትን ሴቶች ድምፅ ሰማሁ፣ እየሳቁ ነው፤ ወጥቼ ከነሱ ጋር መሳቅ ፈለግሁ። በቅሎዋን ከተትኩ። ፍርሃት አልነበረም። ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል አይቆጨኝም።

ሌላ ቦታ ሳይወስዱት እዚያው ፊታችን ቆጠሩት። በቅሎ፣ በቅሎ፣ በቅሎ። ሰዉ መስማት ሰልችቶት ሊበተን ሲል ቆጣሪው ቀና አለና «ፋኖስ» አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ሌላ ፋኖስ አልተጠራም። አንድ ብቻ። ሰው ሁሉ ወደ አያ እንድሪስ ዞሮ ሳቀ። እሱ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል፤ የረከሰ ዋጋ እንደሰማ ሰው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ሰዎቹን ለቅሶ ቤት ያከራከራቸው። ሰው አንድ ባንድ፣ ተደብቆ ወደ አያ እንድሪስ ይሄድ ጀመር። «ያቺ አንዷ የኔ ናት» ይለዋል። ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው። እኔም በሚቀጥለው እሁድ፣ ገበያው ሳይደምቅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳገኘው ሄድኩ። እግሬ ነው የወሰደኝ።

«አያ እንድሪስ፣ ያቺ ፋኖስ የኔ ናት።»

«ያንቺ?»

«ወላሂ።»

«የኔስ ወዴት ሄደች?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። «ያንተንማ ሳይሰርቁብህ አልቀሩም» አልኩት።

«ሌባው ጨዋ ነው» አለ። «ያንቺን ትቶ፣ የሸህ አሊንም ትቶ፣ ያንን የአንጥረኛውንም ትቶ የኔን ብቻ ወሰደ። አላህ ይስጥልኝ ዘይኔ።» ሳይቀየመኝ ነው ያለው። ቢቀየመኝ ምን ነበረበት። በሌላ ቀን፣ ስንት ሰው እንደዋሸህ አታውቅም ወይ ብዬ እንደማያገባኝ ሆኜ ጠየቅሁት። «አውቃለሁ» አለኝ። «ያላፈረ ሰው አይዋሽም። የዛሬ አራት ዓመት እንደገና ስንመርጥ ከነዚህ ግማሾቹ እውነታቸውን ይሆናል።»

ጥጡ በዓመቱ መጣ። ሜዳው በእሾህ ታጠረ። በጋ ሲገባ ከብቶቹ በልማዳቸው ወደ ቦርከና ወረዱና አጥሩ ላይ ቆሙ። አጥሩ ላይ ቆመው ሲያገሱ መንደር ድረስ ይሰማል። ሰይድ አንዱን በሬ ቀበረው፣ አንዱን ሳይወድቅበት ሸጠው። ያሻሻጠው አያ እንድሪስ ነበር፤ እኔ አዲሱን ገመድ ሰጠሁ። የሁሴንን አቤቱታ አንድ ቀን ከሚሴ ሄጄ አየሁት፤ የጣታችን ምልክት ሁሉ እንዳለ ነው፣ ከሁሴን የወረቀት ሣጥን አልወጣም።

አራት ዓመቱ ደረሰ። ፊታውራሪው እንደገና ቀረቡ፣ ሁሴንም ቀረበ። በዚህ ጊዜ ዋርካው ሥር የመጣ የለም፤ አላስፈለገም። «ያው ናቸው፤ ሜዳው እንደሆነ ሄዷል» ይላል ሰው። ከሸጡ በኋላ ስለ ከብት ማውራት ምን ያደርጋል ይላሉ። አያ እንድሪስ ወይፈን ረግጦት ዳሌው ተሰብሮ ከሚሴ ልጁ ቤት ተኝቷል፤ ወደ ሳጥናችን ሊመጣ አልቻለም። የሚጠይቅ፣ የሚከራከር፣ የሚነዘንዝ አልነበረም። ሰልፉ ውስጥ ቆሜ የናፈቀኝ ያ ንዝንዙ ነው።

ገባሁ። ሁለቱን ወረቀት አየሁ። ውጭ ሴቶቹ እንደ ያኔው ይስቃሉ። ፋኖሱን ከተትኩና ወጣሁ።

ሲቆጠር ከፊት ቆሜ እያንዳንዷን አዳመጥኩ። በቅሎ፣ በቅሎ። ከአንጥረኛው እጠብቃለሁ፣ ከሸህ አሊ እጠብቃለሁ። ከሰይድ እጠብቃለሁ፤ በዚህ ጊዜ እጁን ማንም አልጨበጠውም። «ፋኖስ» አለ ቆጣሪው። ከዚያ በቅሎ፣ በቅሎ፣ እስኪያልቅ። አንድ።

ሰው ሁሉ ተያየ። ሰይድ ወደኔ ዘንበል ብሎ፣ «እንድሪስ የለም፤ ማነው ታዲያ?» አለኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ቤት መንገድ ጀመርኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ከሚሴ ተነሳሁ። መንገዱን ሁሉ የምነግረውን ሳሰላስል ነው የሄድኩት። ስደርስ አያ እንድሪስ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ያቺ ጎባጣ ጣቱ ብቻ እንዳለች ናት።

«አካም ቡልቴ ዘይኔ።»

«ደህና አያ። ትናንት ተቆጠረ። ፋኖስ አንድ ወጣ።»

«ሰማሁ።»

«የኔ ናት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሸህ አሊ ማታ በመኪና መጥቶ እዚህ ነው ያደረው፤ አሁን ወጣ። አንጥረኛውም ልጁን ልኮ ነበር» አለ። ድምፁ ደግ ነው፤ ሕፃን ተረት ሲነግረው እንደሚሰማ ሽማግሌ። «ደክሞሻል። ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ።»

«አያ፣ የአሁኗ የኔ ናት።»

«እሺ ዘይኔ፣ እሺ።»

የምምልበት ፈለግሁ። ወላሂ እንዳልል፣ ያኔ በውሸቱ ብዬዋለሁ። በልጆቼ ልማል ብል፣ ሰው ለዚህ በልጁ ይምላል ወይ ብሎ ይበልጥ ያዝንብኛል። ልጁ ውሃ አመጣችልኝ። እሱም ቤት ስላለችኝ ጥጃ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ጡት ጣለች ወይ፣ ሣር ከየት ታገኛለች። ሣር ከየት እንደምታገኝ ነገርኩት፤ እሱንስ አመነኝ።